ኤሊን "በሞቴ" አይሏትም



ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከአንዱ ምግብ ቤታችን በር ላይ አንዲት እናት አስቆመችኝ። በአንድ እጇ የእንጀራ ከረጢት ይዛለች፣ በሌላው የልጇን እጅ ጨብጣለች። "ጋሼ፣ እርስዎ ኤሊ አሳድገዋል ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ። "ይኼ ልጅ በሚቀጥለው ወር ለልደቱ ኤሊ ካልተገዛልኝ ብሎ መውጫ መግቢያ ነስቶኛል። አባቱም እሺ ብሎታል። እስቲ ምን ላዘጋጅ? ምንስ ነው የምትበላው?"

"እኅቴ፣ እኔ አንዷን ገድዬ አንዷን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ከየትኛዋ ልጀምርልሽ?" አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ቀና ብሎ አየኝ። ስለዚህ ከሟቿ ልጀምር። በር ላይ ቆሜ የነገርኳት ግማሹን ብቻ ነበር፤ ሙሉውን በዚህ ዓምድ እጽፍልሻለሁ ብዬ ስለተለየኋት ይኸው ቃሌን እጠብቃለሁ።

የመጀመሪያዋ ኤሊ ቤታችን የገባችው ከአራት ዓመት በፊት በኖቬምበር ወር ነው። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከአንድ የእንስሳት መሸጫ ሱቅ፣ እዚህ አገር "የሩስያ ኤሊ" የሚሏትን ዓይነት፣ ከመስታወት ሣጥኗ፣ ከአንድ አምፖልና ከአንድ ከረጢት የእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ገዛናት። ሻጩ "ሰላጣ ስጧት፣ ሌላ ጣጣ የላትም" አለን። እኛም አምነን ተሸክመናት ገባን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሳስበው፣ እኛ ሐበሾች ለእንግዳ የምናደርገውን ሁሉ ነው ያደረግንላት። ሣጥኗን ሳሎን መሐል፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የክብር ቦታ ላይ አስቀመጥን። እሑድ ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተጠራ። የመጣው ሁሉ አንስቶ አያት፤ ገልብጦ ሆዷን መረመረ፤ "እስቲ ብቅ በይ" እያለ ድንጋይዋን በጣቱ አንኳኳ፤ በስልኩ አብሯት ፎቶ ተነሣ። አማቴ በዚያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥተው ነበርና፣ "ይቺ ፍጥረት እኮ ምንም ሳትቀምስ ዋለች!" ብለው አዘኑላት። ጎመን በእንጀራ ጠቅልለው አፏ ድረስ አስጠግተው፣ "በሞቴ! በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!" ሲሉ የቤቱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኤሊዋ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ ሳበች፤ የፊት እግሮቿንም እንደ በር ገጥማ ዘጋች።

አልበላችም። በማግሥቱም አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ቦታው አልተስማማት ይሆናል ብለን ወደ ልጄ መኝታ ቤት ወሰድናት። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ታግኝ ብለን መስኮት ሥር አደረግናት። በሳምንቱ ደግሞ ሙቀት ትወዳለች ሲሉን ወደ ኩሽና አዛወርናት። እያንዳንዱ ዝውውር ለእሷ እንደገና መሰደድ እንደ ነበር ማን በነገረን! በመስታወቱ በኩል ውጪው ስለሚታያት መውጫ ያለ እየመሰላት ቀኑን ሙሉ ስትቧጥጠው ትውላለች፤ እኛ ደግሞ "ተጫወተች" እያልን ደስ ይለናል።

በጃንዋሪ ዓይኖቿ አበጡ፤ ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት የሳንባ ምች ነው ተባልን። ሐኪሟ መርፌውን እያዘጋጀች፣ "የምትሞቅበት ቦታ ሙቀቱ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። "የማታውስ?" እሱንም አላውቅም። ቴርሞሜትር የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ልጄ አላለቀሰችም። በጫማ ካርቶን አድርገን ጓሮ ስንቀብራት ብቻ፣ "አባዬ፣ እኔ ስለነካኋት ነው?" አለችኝ። "አይደለም የኔ ልጅ" አልኳት። ወዲያው ብመልስላትም እንዳላመነችኝ ከፊቷ አውቄአለሁ። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ በቤታችን የኤሊ ስም አልተነሣም።

እንግዲህ ስለዚች እንስሳ ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ። የሩስያ ትባል እንጂ አገሯ ማዕከላዊ እስያ ነው፤ ከካዛኽስታንና ከኡዝቤኪስታን አንሥቶ እስከ አፍጋኒስታንና ኢራን ድረስ። በጋው የሚያቃጥል፣ ክረምቱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ደረቅ አገር ነው። እዚያ ከመሬት በላይ የምትታየው በጸደይና በበጋው መጀመሪያ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ በዓመት ሦስት ወር ያህል ብቻ። የቀረውን ጊዜ፣ አራት አራት ጥፍር ባላቸው እግሮቿ ቆፍራ ጉድጓዷ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ለረጅም ዘመን በየሱቁ ይሸጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ከዚያው ከዱር የተያዙ ናቸው። ዓመቱን አብዛኛውን ከመሬት በታች የምትኖርን ፍጥረት ነው እንግዲህ እኛ ፍቅፋቂ በትነን፣ በመስታወት ቤት አስገብተን፣ ሳሎን መሐል ያስጎበኘናት።

ደግሞም ኤሊ እንደኛ ከውስጧ የምታመነጨው ሙቀት አይበቃትም። ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ነው። ካልሞቀች ሆዷ የበላችውን አይፈጭም፤ ስለማይፈጭም አትበላም፤ በሽታም መቋቋም አትችልም። "አልበላ አለች" ብላችሁ ምግብ ከመለዋወጣችሁ በፊት ሙቀቱን ለኩ የምለው ለዚህ ነው። የእኛዋን ምግቡ ጠልቷት ሳይሆን በርዷት ነበር።

ድንጋይ የምንለው ልብሷም ድንጋይ አይደለም። ከጀርባ አጥንቷና ከጎድኗ ጋር አብሮ ያደገ ሕያው አካል ነው፤ ሲነካ ይሰማታል። ከመሬት ብድግ ስናደርጋት ደግሞ ምን እንደሚሰማት ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም፤ በዱር ከመሬት የሚያነሣት ሊበላት የመጣ አውሬ ወይም አሞራ ብቻ ነው። አገር ቤት ልጅ ሆነን፣ ቆላ ስንወርድ ያገኘናትን ኤሊ በጀርባዋ ገልብጠን ስትወራጭ እያየን እንስቅ ነበር። ይህን ጉድ ከእኔ ሌላም የሚያስታውስ አንባቢ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ልምጣ። ያገኘናት ከሁለት ዓመት በፊት በኤፕሪል፣ ባለቤቶቻቸው መያዝ ያልቻሏቸውን ኤሊዎች ተቀብለው አዲስ ቤት ከሚፈልጉላቸው በጎ ፈቃደኞች ነው። ከትምህርት ቤት ሰምታ የመጣችው ልጄ ናት። ሰዎቹ ታዲያ "መጀመሪያ ቤቷን ሠርታችሁ ጨርሱ፤ ፎቶግራፉንና የሙቀቱን ቁጥር አሳዩን፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አሉን። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ለኤሊ ደግሞ የቤት ምርመራ! ኋላ ግን ከነገሩን ሁሉ ዋናው ይህ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያዋን ይዘናት ከገባን በኋላ ነበር ማደሪያ የፈለግንላት፤ ለእንግዳ ግን አልጋ የሚነጠፈው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ቤቷን የሠራነው ከመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ወርዱ 3 ጫማ፣ ቁመቱ 6 ጫማ የሆነ የእንጨት መደርደሪያ ገዛሁ፤ መደቦቹን አውጥቼ በጀርባው አጋደምኩት፤ ውስጡን በሻወር መጋረጃ አለበስኩት። አንድ ሣጥን ሆነ ማለት ነው። ለአንዲት ትልቅ ኤሊ 4 ጫማ በ8 ጫማ ይሁን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቦታ ያላችሁ እነሱን ስሙ። እኛ ማዕዘኑ የቻለውን አደረግን፤ በበጋ ደግሞ ጓሮ የታጠረ ቦታ አላት። እንጨቱ እንደ መስታወት ስለማያሳይ ስትቧጥጥ አትውልም። ይህ ዓይነት ኤሊ ግን ስትወጣም ስትቆፍርም ጉደኛ ናት፤ ስለዚህ አፈሩ ከተሞላ በኋላ ከላይ አንድ ጫማ ያህል ግድግዳ እንዲተርፍ ዙሪያውን ሌላ ጣውላ መታሁበት።

አፈሩ ማዳበሪያም መድኃኒትም ያልገባበት ተራ አፈር ነው፤ ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለን፣ በአንደኛው ጫፍ አንድ ጫማ ያህል ጥልቀት ሰጠነው። ከታች በኩል ትንሽ እርጥበት ይኑረው፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማይወጣው መሆን አለበት። እንደዚያ ከሆነ የቆፈረችው ጉድጓድ አይናድባትም። የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ የሚባለው ሽታው ለሳንባዋ አይስማማም፤ ተዉት።

መብራቱ ላይ አትሰስቱ። በአንደኛው ጫፍ ከላይ የሚያሞቅ አምፖል ይሰቀላል፤ ከሥሩ፣ በኤሊዋ ጀርባ ከፍታ ላይ ሲለካ፣ 95 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ መሆን አለበት። በሌላው ጫፍ ከ70 እስከ 75። ወዲያና ወዲህ እያለች የሚበጃትን የምትመርጠው ራሷ ናት። ማታ ሁሉም መብራት ይጠፋል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ እስከሆነ ድረስ ጨለማውና ቅዝቃዜው ይስማማታል። አምፖሉን በመቆንጠጫ ብቻ አትመኑት፤ በሰንሰለት እሠሩት፤ ከወደቀ ቤት ያቃጥላል።

ከአምፖሉ ሌላ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ጨረር የሚሰጥ ረጅም መብራት ያስፈልጋል፤ በቀን 12 ሰዓት ያህል ይበራል። ኤሊ ያለዚህ ጨረር ቫይታሚን ዲ አትሠራም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የምትበላው ካልሲየም አጥንቷ ላይ አይደርስም፤ ድንጋይዋ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ያስቀረዋል። እኛ መስኮት ሥር አስቀምጠናት ፀሐይ ያገኘች የመሰለን ለካ ብርሃኑን ብቻ ነበር የሰጠናት! መብራቱም ቢሆን እየበራ እያለ ጨረሩ ይደክማል፤ እንደ ዓይነቱ በስድስት ወር ወይም በዓመት ይለወጣል።

መደበቂያ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በሞቀው ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው። አንድ ብቻ ከሆነ ወይ መደበቅ ወይ መሞቅ ልትመርጥ ነው፤ የፈራች ኤሊ ደግሞ ሁልጊዜ የምትመርጠው መደበቅን ነው። እኛ የተሰበረ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ በግማሽ ቀብረን ሠራንላት። ውሃዋም የአበባ ማስቀመጫ ሥር በሚደረግ ዝርግ ሳህን ነው፤ ገብታ የምትወጣበት፣ የማያሰጥማት።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶውን በራ፤ ጠፋ። ልጄ ጠዋትና ማታ ሁለቱንም ጫፍ እየለካች በደብተር ጻፈች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድም ቀን አስታውሰን አናውቅም።

የመጣች ዕለት ልጄ ምን እንደሚደረግ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። ለእሷ ብቻ በተገዛ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ከአገጯ በታች በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል አስቀመጥናት። ከመንገድ የመጣች ኤሊ ውሃ ጠምቷት ነው የምትደርሰው፤ በመጠጣትም በመንከርም ትረካለች። ከዚያ ለመደበቂያዋ ቅርብ አድርገን አስቀመጥናትና ክፍሉን ለቅቀን ወጣን። በቃ። ልጄ በሩ ላይ "እንግዳ ተኝታለች" የሚል ወረቀት ለጠፈች።

ሁለት ሳምንት ከመታጠቢያዋና ከሚዛኗ በቀር ማንም እንዳያነሣት ተባባልን። ወዳጅ ዘመድ "ኤሊ አምጥታችሁ ልትደብቁን ነው?" ብሎ ተቀየመ። እሑድ ቡናው ታች ሳሎን ተፈላ፤ ዕጣኑ ላይ እንዳይደርስ የክፍሏ በር ተዘጋ። አማቴ ከአዲስ አበባ በደወሉ ቁጥር የኛን ጤና ሳይጠይቁ "በላች?" ይሉ ነበር።

አልበላችም። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ጭራሹን አላየናትም፤ አፈሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። በሦስተኛው ማታ አላስችል ብሎኝ ሞታ ከሆነስ ብዬ አፈሩን ልጭር እጄን ስሰድ፣ ልጄ ከኋላዬ ደብተሯን ይዛ ቆማለች። "አባዬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ተዋት" አለችኝ። ተውኳት። በአራተኛው ቀን ብቅ ብላ ሃያ ደቂቃ ያህል አምፖሉ ሥር ከሞቀች በኋላ ተመልሳ ገባች። አዲስ ኤሊ ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ሳትበላ ብትቆይ የሚገርም አይደለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም ካልተገለጠ፣ አለዚያ ሞቃ እያለች እንኳ እግሯ ከዛለ አንድ ቀን አታሳድሩ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። እንዲህ ያለ እንስሳ የሚያክም ሐኪም ሁሉም ሰፈር አይገኝም፤ ኤሊዋ ሳትመጣ ሐኪሙን አፈላልጉ። በመጀመሪያው ሰሞን የኩሷን ናሙና ወስዶ ለትል ማስመርመርም ደግ ነው።

ዋናው ሚዛን ነው። ባለቤቴ በርበሬ የምትመዝንበትን ዲጂታል ሚዛን ሊወስዱብኝ ብላ ስለተቆጣች ሌላ ተገዛ። ስትመጣ 610 ግራም ነበረች። በሰባተኛው ቀን 596፤ በአሥረኛው ቀን 588። ሐኪም ዘንድ ስደውል፣ ከመጣችበት ክብደት አንድ አሥረኛውን ካጣች አምጣት፣ እስከዚያ ሙቀቷን ጠብቅና ታገሥ ተባልኩ። ልጄ ወዲያው አሰላችው፤ 549 ግራም። ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ደብተሯ ላይ ከበበችው። በዚያ ሰሞን እኔም ባለቤቴም ስለ ኤሊዋ ጮክ ብለን አናወራም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ታሪክ ነገረችን። በሴፕቴምበር 1968 ሶቪየቶች ዞንድ 5 በተባለች መንኮራኩር፣ ልክ እንደኛዋ ያሉ ሁለት ኤሊዎች ጨረቃን አስዞረው መልሰዋል። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው የወረዱት። አሜሪካኖቹ በአፖሎ 8 ሰው ይዘው ጨረቃን የዞሩት ከዚያ በኋላ በዲሴምበር ነው፤ ኤሊዎቹ ቀደሟቸው ማለት ነው። ከክብደታቸው አንድ አሥረኛ ያህል ቀንሰው ነበር፤ ሆኖም ሲመለሱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ምግብም አልጠሉም። "እነሱ ጨረቃ ደርሰው መጥተው በሉ" አለች ባለቤቴ፤ "የኛዋ ከዚሁ ከሜሪላንድ መጥታ!"

ምግቡ በየቀኑ ጠዋት ይቀርባል፤ ማታ ይነሣል። ዝርግ ድንጋይ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት። ተመራጩ ምግብ የሚገኘው ከሱቅ ሳይሆን ከጓሮ ነው። በጸደይ የየሰዉን ሣር ቢጫ የሚያደርገውና ጎረቤት ሁሉ መርዝ የሚረጭበት ዳንዴላየን የሚሉት አረም ከነአበባው ይሰጣል፤ ነገር ግን መርዝ ያልተረጨበትን ምረጡ። የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾኹ ተልጦ፣ የሂቢስከስ ቅጠልና አበባ፣ ከሱቅም ኤንዳይቭ የሚባለው መራራ ሰላጣ ጥሩ ናቸው። ጎመናችንም ጥሬው አልፎ አልፎ ይቻላል፤ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራው ግን ለእኛ ይቅር። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ሥጋ፣ አይብ ለዚች ኤሊ አይሆኑም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቅጠሉ ላይ የካልሲየም ዱቄት ነስነስ ይደረጋል።

ሌላም ሊነገር የሚገባው አለ። ኤሊ ጤነኛ መስላም ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች። እዚህ አገር ከ1975 ጀምሮ ድንጋይዋ ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊን ለቤት እንስሳነት መሸጥ የተከለከለው ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለታመሙ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ሽማግሌ ያለበት ቤት ቢቆይ ይሻላል። የነካ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳፋዋ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይገናኝ። እኛ የመጀመሪያዋን ኩሽና ማስቀመጣችንን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ብቻዋን አሳዘነችኝ ብላችሁ ጓደኛ እንዳትገዙላት። ብቻውን የሚበላ ሰው የሚያሳዝነን እኛን ነው፤ ኤሊ ብቸኝነት አይከብዳትም። በአንድ ሣጥን የገቡ ሁለት ኤሊዎች ይገፋፋሉ፣ ይነካከሳሉ፣ አንዷ ሌላዋን ከምግብና ከሙቀት ታባርራለች። ለመጀመሪያው ክረምትም እንድትተኛ አትፍቀዱላት፤ ክብደቷና ጤንነቷ ሳይታወቅ የተኛች ኤሊ ላትነቃ ትችላለች። መብራቱና ሙቀቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ነቅታ ትከርማለች።

አንዳንድ ሱቅ የምታዩዋት የበረሃ ቀለም ያላት፣ ሱልካታ የሚሏት ትንሽ ኤሊ እንዳታታልላችሁ። በአፍሪካ፣ የኛንም ቆላ ጨምሮ፣ የምትገኝ ናት፤ ስታድግ ከ80 ፓውንድ በላይ ትሆናለች፤ አጥር ትገፋለች። ከአገር ቤት ይዤ ልምጣ ለሚልም፣ ሱልካታንና ነብርማዋን ኤሊ ወደ አሜሪካ ማስገባት በ2000 ታግዷል፤ ምክንያቱም የከብት በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ይዘው ስለተገኙ ነው። የሩስያዋ ደግሞ ከ8 ኢንች ብዙም አታልፍም፤ ግን 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። እኅቴ፣ ልጅሽ ኮሌጅ ሲገባ ኤሊዋ የምትቀረው ካንቺ ጋር ነው፤ ይህን ከአባቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። አሥራ አንደኛው ቀን፣ አልበላችም። አሥራ ሁለተኛው፣ አልበላችም፤ ቅጠሉ ላይ ግን ተራምዳበታለች። ልጄ እስከዚያ ድረስ ስም አላወጣችላትም ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ላይ ወጣች። ድምፅ የለም። ቆይታ በቀስታ "አባዬ፣ ና" አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ኤሊዋ አምፖሉ ሥር እግሮቿን ዘርግታ ዓይኗን ጨፍናለች። ድንጋዩ ላይ ካስቀመጥነው የዳንዴላየን ቅጠል አብዛኛው የለም። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይለምናት በልታ ጨርሳ ነው የምትሞቀው። ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ አልነካቻትም።

"እንግዲህ ስም አውጪላት" አልኳት።

"ጨረቃ" አለች።

ሶቪየቶቹ ያስዞሯቸውን ኤሊዎች አስባ መስሎኝ "ጥሩ ነው፣ የጀግና ስም ነው" ስላት ራሷን ነቀነቀች። የተረፈውን አንድ ቅጠል በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አሳየችኝ። ጠርዙ ላይ የተነከሰው ክፍል ልክ እንደ አዲስ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ነበር። ቅጠሉ እስካሁን ደብተሩ ውስጥ፣ በቀይ ከተከበበው ቁጥር ጎን፣ ደርቆ ተለጥፎ አለ። ጨረቃ ባለፈው እሑድ 842 ግራም መዝናለች።